ሰውየውን ያስነሣንበት ክረምት

እግሬ የተሰበረው በክረምቱ መግቢያ፣ የምንኖርበት የላፍቶ ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ ነው። ዝናቡ ከጎን እየገባ ደረጃውን አርሶታል፤ እኔ ባዶ ባልዲ ይዤ፣ ስልኬን በትከሻዬና በጆሮዬ መሀል ሸጉጬ እያወራሁ እወርዳለሁ። ከአራተኛው ፎቅ ሦስተኛው ጋ የደረስኩት በእግሬ አልነበረም። ባልዲው እየተንኳኳ ቀድሞኝ ምድር ወረደና ጎረቤቱን ሁሉ ጠራልኝ። ተሸክመው ሐኪም ቤት አደረሱኝ፤ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ነው ተባለ፤ እስከ ጉልበቴ ድረስ ጀሶ ታስሮልኝ፣ "እንዳትረግጪበት" የሚል ትእዛዝ ይዤ ተመለስኩ።

የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ነኝ። ዓመቱን ሙሉ ንፍጥ ስጠርግና የጫማ ክር ሳስር ከርሜ የምጠብቀው የክረምት እረፍቴን ነው፤ እሱም በሶፋና በአልጋ መሀል ሊያልቅ ሆነ። ባሌ ደግሞ የመንገድ ቀያሽ ነው። ያን ክረምት ለሥራ ወደ ደቡብ ወርዶ ስለነበር የሰማው በስልክ ነው።

"እናቴን ልላክልሽ" አለኝ።

"አያስፈልግም፤ ራሴን እችላለሁ።"

"ሽንት ቤት እንዴት ነው የምትሄጂው?"

"እየዘለልኩ።"

በማግስቱ አማቴ መጡ።

አማቴ የሚኖሩት ነፋስ ስልክ፣ ከድሮዎቹ ግቢዎች በአንዱ ነው። ከእኛ ቤት ሩቅ አይደለም፤ ግን የምንገናኘው በበዓልና በለቅሶ ነበር። ረዥም፣ ቀጥ ያሉ፣ ነጠላቸው ሁልጊዜ አሁን የተተኮሰ የሚመስል ሴት ናቸው። ለብዙ ዓመት ጨርቅ ሲሸጡ ስለኖሩ ሰው ሲያዩ ከትከሻ እስከ እግር በዓይናቸው የሚለኩ ይመስላል። እኔ ደግሞ እሳቸው ፊት እጄ አይታዘዘኝም። ባገባሁ ሰሞን ሻይ አፍስሼባቸዋለሁ፤ በፋሲካ የድስት ክዳን እግራቸው ላይ ጥያለሁ። አንድም ቀን አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። "ግዴለም" ይላሉ፤ በቃ፣ ወሬው እዚያ ላይ ያልቃል።

እንዲህ ሆነን አንድ ሳሎን ውስጥ ቀረን። ማለዳ ይነሣሉ፣ ይጸልያሉ፣ ቤቱን ይጠርጋሉ፣ ያበስላሉ፣ እግሬን ትራስ ላይ አደላድለው ያስቀምጣሉ። ሁሉንም ሲያደርጉ አይናገሩም ማለት ይቻላል። "ጨው አነሰው?" ይሉኛል። "አላነሰውም፣ እማማ" እላለሁ። "ሻይ ላምጣልሽ?" "እሺ፣ እማማ።" ከዚያ ሁለታችንም ወደ መስኮቱ ዞረን ዝናቡን እናያለን። ቴሌቪዥኑ ቢከፈትም እሳቸው የሚያዩትን እኔ አልወደውም፤ እኔ የማየውን እሳቸው ይተዉልኛል፤ ስለዚህ ተስማምተን ዘጋነው።

በሳምንቱ መጨረሻ ታናሽ እህቴ ልትጠይቀኝ መጣች። ኮምፒውተር ነው የምታጠናው። የድሮ ላፕቶፗን ይዛልኝ መጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

"ባትሪው ሞቷል። ከሶኬት ከነቀልሽው ይጠፋል፤ እንደዚያ ሆኖ ግን ይሠራል። ጌም ጭኜልሻለሁ" አለችኝ።

"እኔ ጌም አልወድም። መተኳኮስ ነው።"

"መተኳኮስ የለበትም። አንድ ማሽን አለ። እሱን ማስነሣት ነው።"

"እንዴት ነው የሚነሣው?"

"እሱን ማወቅ ነው ጨዋታው" ብላኝ ጉንጬን ስማኝ ሄደች።

እስከ ማግስቱ ሳልነካው ቆየሁ። ከምሳ በኋላ አማቴ ምስር ሊለቅሙ ሰፌዳቸውን ይዘው ከኋላዬ ካለው ወንበር ላይ ሲቀመጡ፣ ዝምታውን ለመሸሽ ከፈትኩት።

መጀመሪያ ጨለማ ነው። ከጨለማው ውስጥ የዝናብ ድምፅ ይሰማል፤ የእኛው መስኮት ዝናብና የእሱ ዝናብ ተደባልቀው የትኛው የማን እንደሆነ አይለይም። ፋኖስ ሳገኝ ክፍሉ ቀስ እያለ ታየ። የእንጨት ወለል፣ በጉም የተሸፈኑ ትልልቅ መስኮቶች፣ መሀል ላይ ደግሞ ሸራ የለበሰ ግዙፍ ነገር። ሸራውን ስስበው ማሽኑ ወጣ። ከነሐስና ከብረት የተሠራ፣ እስከ ጣሪያው የሚደርስ፣ ቧንቧው እንደ አንጀት የተጠማዘዘ። ሰዓት የሚመስሉ ክብ መስታወቶች አሉት፤ በውስጣቸው ያሉት ቀስቶች ሁሉ ተኝተዋል። እጀታ አለው፣ መዘውር አለው፣ ከላይ አንዲት ትንሽ ደወል ተንጠልጥላለች። ጽሑፍ የሚባል የለም። በየእጀታው ላይ የተቀረጹት ምልክቶች የየትም አገር ፊደል አይደሉም። ማን እንደሠራው፣ ለምን እንደሠራው፣ እኛስ እዚያ ክፍል ውስጥ ምን እንደምንሠራ የሚነግረን የለም።

ያገኘሁትን ሁሉ ነካካሁ። መዘውሩን አዞርኩት፣ እጀታውን ሳብኩት። አንድ ቀይ መብራት በራ፣ ደወሏ ጮኸች፣ ማሽኑ እንደደከመው ሰው ረዥም ትንፋሽ ተንፍሶ ዝም አለ። እንደገና ሞከርኩ። እንደገና ተነፈሰ። ስንት ጊዜ እንዳስተነፈስኩት አላውቅም፤ ከኋላዬ ግን የምስሩ ድምፅ መቆሙን ልብ አልኩ።

"ተይው እስቲ" አሉ አማቴ። "አሁን እኮ አስቆጣሽው።"

ዞር አልኩ። ሰፌዱ ጭናቸው ላይ ነው፤ ዓይናቸው ግን ስክሪኑ ላይ ተተክሏል።

"ምኑን እማማ?"

"ሰውየውን። ዝም ብለሽ ነው የምትጎነታትይው። መጀመሪያ እስቲ እዪው።"

ማሽኑ ከዚያች ቀን ጀምሮ ሰውየው ሆኖ ቀረ።

ወንበራቸውን አስጠግተው ከጎኔ ተቀመጡ። እኔ የምነካ፣ እሳቸው የሚከለክሉ ሆንን። እኔ ነገር ካልነካሁ አይገባኝም፤ እሳቸው ደግሞ ካልገባቸው አይነኩም። በሁለታችን መሀል ሰውየው ቆሞ ይጠብቃል። በመጀመሪያው ቀን ያገኘነው ነገር ቢኖር ለምልክቶቹ ስም ማውጣት ብቻ ነው። አንዱ ሦስት ጣት ስላለው "የዶሮ እግር" አልነው። ሌላው ጥርስ ስላለው "ማበጠሪያ" ሆነ። ሦስተኛው የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ይመስላል አሉ አማቴ፤ ለእኔ የተገለበጠ ጀበና ነበር የመሰለኝ፤ ግን "ጉልላት" ብለን ተስማማን።

በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ማበጠሪያ ውሃ እንደሚያስገባ ገባን። እጀታውን ዝቅ ስናደርገው በቧንቧው ውስጥ የሚንቆረቆር ድምፅ ይሰማና አንደኛው ቀስት ቀና ይላል። የዶሮ እግር ያለበት መዘውር ደግሞ እሳት ነው፤ ሲዞር ከታች ባለው ቀዳዳ ቀይ ብርሃን ይታያል። እኔ እሳቱን ቀድሜ ለኩሼ ውሃው ሳይገባ ሦስት አራት ጊዜ ሰውየውን አሳዘንኩት።

"ባዶ ድስት ነው እንዴ የምትጥጂው?" አሉኝ።

"አልታየኝም እኮ እማማ።"

"እኔስ መች ታየኝ? አሁን ሲጮኽ ነው የታየኝ" ብለው ሣቁ። ሲሥቁ ከፊት ጥርሳቸው አጠገብ አንድ ጥርስ እንደጎደላቸው ያየሁት ያን ቀን ነው። እስከዚያ ድረስ ጥርሳቸውን አይቼው አላውቅም ነበር።

ማውሱን የያዙት ከብዙ ልመና በኋላ ነው። በቀኝ እጃቸው ያንቀሳቅሱትና፣ የሚፈልጉት ቦታ ሲደርሱ እጃቸውን ሳያነሡ በግራ እጃቸው አመልካች ጣት ይጫኑታል፤ ልክ ማኅተም እንደሚያሳርፉ። አንድ እጅ ይበቃል ብዬ ላሳያቸው ሞከርኩ። "እንዲህ ነው የሚመቸኝ" አሉ። ተውኳቸው። ከእኔ ይልቅ ስሕተት የማይሠሩት እሳቸው ሆነው ተገኙ፤ ከመጫናቸው በፊት ለረዥም ጊዜ ያስቡ ነበራ። እኔ በዚያ መሀል ትዕግሥቴ አልቆ ጀሶዬን በእርሳስ አክካለሁ።

አንድ ከሰዓት ውሃውም እሳቱም ልክ ሆኖ፣ ከቀስቶቹ አብዛኞቹ ቀና ብለው ሳለ መብራት ሄደ። ስክሪኑ ጠፋ። ሳሎኑ ውስጥ የቀረው የእኛው ዝናብ ብቻ ሆነ። አማቴ ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው፣ "ውይ ሰውየው! ሰውየው ሞተብን!" ብለው ጮኹ። እኔ ሥቄ ልሞት ነበር። መብራቱ ሲመለስ ግማሽ መንገድ ላይ ቆሞ ጠበቀን። እንዳልሞተ ሲያዩ ላፕቶፑን በነጠላቸው ጫፍ ጠረግ ጠረግ አደረጉት።

እንዲህ እያለን ፍልሰታ ገባ። አማቴ በፍልሰታ ቅዳሴ አያመልጣቸውም፤ ጠዋት ወጥተው የሚመለሱት ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው፤ እስከዚያ እህል ውሃ አይቀምሱም። የጾሙ ዋዜማ ላይ ኮስተር ብለው ተቀመጡ።

"ይሄን ነገር በጾም መነካካት የሚሆን አይመስለኝም" አሉ።

"እንዳሉ፣ እማማ" አልኩ። ልቤ ግን ወረደ።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ፊታቸው ፈክቷል። ጫማቸውን እያወለቁ፣ "አባን ጠየቅኳቸው" አሉኝ። የንስሐ አባታቸውን ማለታቸው ነው።

"ምን አሉ?"

"'መኪና ማስነሣት ምን ኃጢአት አለው?' አሉኝ።"

"ጌም እንደሆነ ነግረዋቸዋል?"

"የቆመ መኪና ነው አልኳቸው። ውሸት ነው?"

ውሸት አልነበረም። ብቻ እሳቸው ቅዳሴ ላይ ሳሉ እንዳልነካው አስማሉኝ። ከዚያ በኋላ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው በሩን ሲከፍቱ የመጀመሪያ ቃላቸው "ሳትነኪው ዋልሽ?" ሆነ። እግሬን የሚጠይቁኝ ከዚያ በኋላ ነው። በቃሌ ጸናሁ። የከዱኝ እሳቸው ናቸው።

እሑድ ነበር፤ በልተን ከጨረስን በኋላ የሕመም ማስታገሻዬን ውጬ መኝታ ቤት ጋደም አልኩ። እንቅልፍ ወስዶኝ ነቃሁ። ከሳሎን የውሃ መንቆርቆር ይሰማል። ዝናብ መሰለኝ፤ ግን ፀሐይ ወጥታ ነበር። ክራንቼን ይዤ ቀስ እያልኩ ብቅ ስል፣ አማቴ ነጠላቸውን እስከ ግንባራቸው ተከናንበው፣ አፍንጫቸው ስክሪኑን ሊነካ ደርሶ፣ በሁለት እጃቸው ማውሱን ይዘውታል።

"እማማ?"

ብድግ አሉና የነጠላቸውን ጫፍ ያዙ። "አቧራ ልጠርግለት ብዬ ነው።"

የዶሮ እግሩ መዘውር በራሱ እየተሽከረከረ ነበር። አንድም ቀን እንደዚያ ሲሽከረከር አይተነው አናውቅም። እሳቸውን አየሁ፤ መዘውሩን አየሁ። እሳቸውም መዘውሩን አዩና ከንፈራቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሣቁን ሊይዙት ሞክረው አልቻሉም። ሶፋው ላይ ተያይዘን ወደቅን። እንዴት እንዳሽከረከሩት ብጠይቃቸው ግን ለእሳቸውም ግልጽ አልነበረም። "ደነገጥኩ፤ የት እንደነካሁት እንጃ" አሉ። ለማስታወስ ሁለት ቀን ፈጀብን።

ከጎናችን ባለው ቤት የምትኖር አንዲት የስልጤ ሴት ጎረቤት አለችኝ፤ መርካቶ የልጆች ልብስ ትነግዳለች። የወደቅኩ ዕለት ወገቤን ይዛ ያወረደችኝ እሷ ናት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የምስር ሳምቡሳ በሳህን ይዛልን መጣች። "የጾም ነው፤ በዘይት ብቻ ነው የጠበስኩት" ብላ ለአማቴ አስረድታ ተቀመጠች። እንደ ልማዷ ግን አልተጫወተችም። ዓይኗ ወደ መኝታ ቤቱ በር ይሄዳል፣ ይመለሳል። አማቴ ሻይ ሊያፈሉ ወደ ማድ ቤት ሲገቡ ጠጋ አለችኝ።

"ባልሽ መጣ እንዴ?" አለችኝ በሹክሹክታ።

"አልመጣም። ለፍልሰታ ፍቺ ነው የሚመጣው።"

"እህ... ታዲያ ሰውየው ማነው?"

"የቱ ሰውዬ?"

"አንቺ ደግሞ! ግድግዳው እኮ ስስ ነው። 'ሰውየው ተነሣ?' ትያቸዋለሽ። 'ገና አልሞቀም' ይሉሻል። ትናንት ደግሞ 'በጣም አትጫኚው ይተነፍስብሻል' ሲሉሽ ሰምቻለሁ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ግን አማትሽ ባሉበት..."

እንባዬ እስኪመጣ ሣቅኩ። አማቴ ሻዩን ይዘው ሲመጡና ነገሩን ስነግራቸው፣ ሲኒዎቹ ትሪው ላይ እስኪንገጫገጩ ሣቁ፤ ከዚያ ትሪውን አስቀምጠው ፊታቸውን በነጠላ ሸፈኑ። "በስተርጅና ስሜ ሊጠፋ ነበር!" ጎረቤቴ ግን ሰውየውን በዓይኗ ካላየች እንደማታምን ተናገረች። ስለዚህ ከፈትንላት።

አማቴ ሊያሳዩዋት ማውሱን ያዙ። እስከዚያ ቀን አንድ ቦታ ላይ ተሰናክለን ቆመን ነበር። ውሃው ገብቶ፣ እሳቱ ነዶ፣ ቀስቶቹ ቀና ማለት ሲጀምሩ ሁልጊዜ ደወሏ ትጮሃለች። እሷ ስትጮኽ እኛ "ተቆጣ!" ብለን የያዝነውን እጀታ ቶሎ እንለቃለን። ሲለቀቅ ሁሉም ቀዝቅዞ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ስሕተታችን ምን እንደሆነ ስንፈልግ ነው የሰነበትነው።

ያን ቀን ደወሏ ስትጮኽ ጎረቤቴ መርካቶ ውስጥ ከአንዲት ደንበኛዋ ጋር የተጣላችውን ትነግረን ነበር። አማቴ አንገታቸውን ወደ እሷ አዙረው፣ "እና መልሳ አመጣችው? ከለበሰችው በኋላ?" እያሉ ጣታቸውን ማንሣት ረሱ። ደወሏ ጮኸች፣ ጮኸች፣ ከዚያ ዝም አለች። ቀይ መብራቱ አልበራም። ይልቁንስ ከማሽኑ ሆድ ውስጥ አንድ ወፍራም ድምፅ ተነሣ፤ ጠረጴዛው ራሱ የተንቀጠቀጠ መሰለን።

"ምን አደረጋችሁት?" አለች ጎረቤቴ ወሬዋን አቋርጣ።

አማቴ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ወደ እሳቸው ዞርኩ። "አልተቆጣም ነበር" አልኩ ቀስ ብዬ። "ደወሏ 'አሁን' ማለቷ ነው። 'ያዙኝ' ማለቷ ነው።"

"ይሄን ሁሉ ቀን ሲጠራን ነበር እኛ የምንሸሸው?" አሉ አማቴ። እጃቸው አሁንም ማውሱ ላይ ነው። አንዴ ደግሞ "የኔ ምስኪን" አሉት ሰውየውን።

ከዚያ ወዲያ ጎረቤቴ ከመርካቶ ስትመለስ ቤቷ ሳትገባ እኛ ጋ የምታንኳኳ ሆነች።

የቀረው ጉልላት ነበር። የጉልላቱ እጀታ በማውስ አይያዝም፤ ከኪቦርዱ ታች ያለው ረዥሙ ቁልፍ ተጭኖ መቆየት አለበት። በዚያው ቅጽበት ደግሞ መዘውሩ መዞር አለበት። በአንድ ሰው ለመሥራት ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም፤ አማቴም ሞከሩ፤ በእሳቸው አያያዝ ጭራሽ ሦስተኛ እጅ ያስፈልጋል። ለሁለት ተካፈልነው። እሳቸው ረዥሙን ቁልፍ ይጫናሉ፤ እኔ መዘውሩን አዞራለሁ፤ ጎረቤቴ ቀስቶቹን እያየች ትናገራለች። ቀስቶቹ በሙሉ ቀጥ ብለው ሲቆሙ አማቴ ይለቃሉ። ትንሽ ቢቀድሙ ወይም ቢዘገዩ ሁሉም እንደገና ከመጀመሪያው ነው። ጾሙ እስኪያልቅ ስንሞክር ቆየን፤ አንዴ እሳቸው ይቀድማሉ፣ አንዴ እኔ እዘገያለሁ።

የፍልሰታ ፍቺ ዕለት ቤቱ ዶሮ ወጥ ዶሮ ወጥ ይሸት ነበር። ባሌ ወደ ማታ እደርሳለሁ ብሎ ደውሏል። ወጡ ደርሷል፣ ጠላው ተቀድቷል፣ እሱን መጠበቅ ብቻ ነው የቀረን። አማቴ ጓዳውን አየት፣ ሰዓቱን አየት፣ ከዚያ ላፕቶፑን አየት አደረጉ።

"እስኪመጣ አንዴ ብቻ" አሉ።

ጎረቤቴን ግድግዳውን አንኳኩተን ጠራናት። ቦታ ቦታችንን ያዝን። ውሃ። እሳት። ደወሏ ጮኸች፤ ያዝናት። ወፍራሙ ድምፅ መጣ። "ጉልላት!" አልኩ፤ አማቴ ረዥሙን ቁልፍ በሁለት አውራ ጣታቸው ተጫኑት። መዘውሩን ማዞር ጀመርኩ።

"አንደኛው ቆመ" አለች ጎረቤቴ። "ሁለተኛውም። ያኛው ቀርቶታል፤ ትንሽ... ትንሽ..."

በሩ ተንኳኳ። ማናችንም ዞር አላልንም።

"አልቆመም! አዙሪው!"

"እያዞርኩ ነው!"

በሩ በኃይል ተደበደበ። "እማዬ! ምንድን ነው?" የባሌ ድምፅ ነው። ከውስጥ ቀርቅረነው ስለነበር ቁልፉ አልከፍት ብሎታል።

"ቆይ!" አልነው ሦስታችንም እኩል።

"ቆመ! ሁሉም ቆመ!" አለች ጎረቤቴ።

"ልቀቂው!" ብዬ ጮኽኩ። "ልቀቂው አልኩሽ እኮ!"

አማቴ ለቀቁት።

በዚያች ቅጽበት ማን ላይ "አንቺ" ብዬ እንደጮኽኩ ገባኝ። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ስክሪኑ ተንቀጠቀጠ። ማሽኑ ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ በአንድ ላይ መዞር ጀመረ። የክፍሉ ወለል ዘመም አለ፣ ፋኖሱ ተወዛወዘ፣ በመስኮቶቹ ላይ የነበረው ጉም እየሳሳ መሄድ ያዘ። የሚሄደው ግን ጉሙ አልነበረም። የምንሄደው እኛ ነን። ያን ሁሉ ሳምንት የተቀመጥንበት ክፍል፣ ቤት የመሰለን፣ ራሱ መርከብ ኖሯል። ጉሙን ሰንጥቆ ወጣ፤ ከፊቱ ዳርቻ የሌለው ውሃ፣ ውሃው ላይ ደግሞ ፀሐይ።

አማቴ የሶፋውን ክንድ ጨብጠዋል። "ቤቱ ሄደ" አሉ በጣም በቀስታ። ከዚያ ከወንበራቸው ተነሥተው እልልታቸውን ለቀቁት። ጎረቤቴ ተቀበለቻቸው። እኔ በአንድ እግሬ ቆሜ አጨበጨብኩ።

ከውጭ ባሌ በሩን ሊገነጥለው ደርሷል። ጎረቤቴ ሮጣ ከፈተችለት። ሻንጣውን እንደያዘ፣ ላብ በላብ ሆኖ ገባ። አንዴ እኔን፣ አንዴ እናቱን አየ። በኋላ እንደነገረን፣ በሩ ላይ ቆሞ "ልቀቂው አልኩሽ" ስል ሲሰማ እናቱና ሚስቱ ፀጉር ለፀጉር የተያያዙ መስሎት ነበር።

"ምን ሆናችሁ?" አለ።

"ቤቱ ሄደ" አሉት እናቱ። እንባቸው በጉንጫቸው ይወርዳል።

"የት?"

"እንጃ፤ እስካሁን እየሄደ ነው" ብለው ወደ ላፕቶፑ ጠቆሙት።

ባሌ ሻንጣውን መሬት አስቀመጠ። ስክሪኑ ላይ የሚንሳፈፈውን ቤት ለረዥም ጊዜ አየው፤ ከዚያ እኛን አየን። "እኔ ርቦኛል" አለ መጨረሻ ላይ።

ምግብ ስናቀርብ አማቴ ጆሮ ጋ ጠጋ ብዬ፣ "እማማ፣ ቅድም አንቺ ያልኩዎት... ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ከአፌ አምልጦኝ ነው" አልኳቸው። የጭልፋውን ወጥ በሳህኔ ላይ እየገለበጡ፣ "'እባክዎን ይልቀቁት' ብትይኝ ኖሮ አይደርስም ነበር" አሉኝ። ፈረሰኛውን ለልጃቸው ያቆዩታል ብዬ ስጠብቅ እኔ ሳህን ላይ አወጡልኝ። ባሌ ቅንድቡን ወደ ላይ ሰቅሎ አየኝ።

ጀሶው ከተፈታልኝ በኋላ፣ እንቁጣጣሽ ሲቃረብ አማቴ ወደ ቤታቸው የሚመለሱበት ቀን ደረሰ። ልሸኛቸው አብሬያቸው ወጣሁ። እግሬ ገና ያነክሳል፤ ዝናቡም ቀጠን ብሏል። ታክሲ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ጎፋን ስናልፍ መንገድ ተዘጋግቶ ብዙ ቆምን፤ እሳቸው ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ እንዳቀፉ እንቅልፍ ወሰዳቸውና ራሳቸው ትከሻዬ ላይ አረፈ። ረዳቱ "ወራጅ አለ?" እያለ ሲጮኽ እንዳይነቁ ብዬ በእጄ ዝም አሰኘሁት። የደረስን ጊዜ ልቀሰቅሳቸው አልፈለግኩም ነበር።

ግቢያቸው በር ላይ አንዲት የዕድሜ እኩያቸው ጎረቤት ቆመው አገኘናቸው። ተቃቀፉ፣ ጉንጭ ለጉንጭ ደጋግመው ተሳሳሙ።

"አንቺ ሴት፣ ክረምቱን ሙሉ የት ጠፋሽ?" አሏቸው ሴትዮዋ። "ልጅሽ ጋ ነው ሲሉኝ ያንን ያህል ትቆያለሽ ብዬ አላሰብኩም።"

አማቴ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ቀጥ ብለው ቆሙ። "ምን ጠፋሁ" አሉ፤ ክንዴን ያዝ አድርገው። "ከልጄ ጋር መርከብ ላይ ነበርን።"

ሴትዮዋ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። "መርከብ? ባሕር ዳር ሄዳችሁ ነው?"

እኔ ወደ አማቴ ዞርኩ። አማቴ ወደ እኔ ሳይዞሩ የግቢውን በር በትከሻቸው ገፋ አደረጉት። "ነይ ግቢ፤ ቁጭ ብለን እንነግርሻለን" አሏቸው።